ለወላጆች፦ የልጆቻችን ቡድን ስፖንሰር ይፈልጋል

ውድ ወላጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ጤና፣ ሁሉ ደህና?

የዛሬው ደብዳቤ ስለ ፈተና አይደለም። ስለ ኳስ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ነበርን። ወንዶቹም ሴቶቹም ጨዋታ ነበራቸው። መጀመሪያ ወንዶቹ ገቡ። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይደለም፣ ይሞቃል፣ ልጆቹ ላብ በላብ ሆኑ። ጨዋታው እንዳለቀ ማሊያቸውን አውልቀው ለሴቶቹ ሰጡ፣ ያለን አንድ ሙሉ ማሊያ ብቻ ነዋ። ሴቶች ልጆቻችሁ ያንን የራሰ ማሊያ፣ ትከሻው የሰፋቸውን፣ ቁጥሩ የተላጠውን ለብሰው ሜዳ ገቡ። አንዷ ታኬታ ስለሌላት በኮንጎ ጫማ ተጫወተች። አንዲትም አላጉረመረመችም። ሲመለሱ መኪና ውስጥ እየዘፈኑ ነበር። እኔ ግን አልቻልኩም፣ ሜዳው ዳር ቆሜ ሳያቸው አፍሬ ነበር፣ እስከ ደሴም አልለቀቀኝም።

«ትምህርት ቤቱ ለምን አይገዛም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2014 ጦርነት ጊዜ ስቶራችን ሲዘረፍ ኳሱም፣ መረቡም፣ ማሊያውም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ብር መጀመሪያ ወደ ዴስክና ወደ መጽሐፍ ነው የሄደው። እንዲያ መሆንም ነበረበት። ስፖርት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ተሰልፎ፣ ተራው ሳይደርስ ብሩ ያልቃል።

አምና ለትልልቅ ድርጅቶች ደብዳቤ በትነን ነበር። ማህተም መታንበት፣ «የተለመደ ትብብራችሁን» ብለን ጻፍን፣ ጠበቅን። አንድም መልስ አልመጣም። ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ደብዳቤውን እንደገና ሳነበው ግን ምን እንደምንፈልግ እንኳ አይናገርም። ስንት ማሊያ? ስንት ኳስ? ሰጪውስ ምን ያገኛል? ምንም አልተጻፈም። እኔ ነጋዴ ብሆን እኔም አልመልስም ነበር።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። አምና አንድ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሁለት ኳስ ሰጠን። ወስደን ተጫወትንበት፣ በቃ። ተመልሶ ያመሰገነው የለም። ዘንድሮ እቃ ልገዛ ስገባ «ኳሷስ እንዴት ሆነች?» አለኝ። ለወቀሳ አልነበረም፣ የምር ማወቅ ፈልጎ ነው። መልስ አጣሁ። ያን ቀን ነው ይህን ነገር በሌላ መንገድ መጀመር አለብን ያልኩት።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ትልቅ ሰጪ ፍለጋ አንንከራተትም። በየሰፈሩ ያሉትን ነው የምንጠይቀው፣ ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ፣ እናንተ የምታውቋቸውን፣ እነሱም እናንተን የሚያውቋችሁን። እያንዳንዱን ደግሞ የምንጠይቀው አንድ የታወቀ ነገር ነው።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። 36 ማሊያ ከነቁምጣውና ከነካልሲው፣ ግማሹ ለወንዶች ግማሹ ለሴቶች፣ የሴቶቹ በራሳቸው ልክ የተሰፋ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው፣ ሴቶቹ የወንዶቹን ተራፊ መልበሳቸው ከእንግዲህ ይብቃ። 6 ባለ 5 ቁጥር ኳስ። ለሁለቱ ጎሎች መረብ። አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐይቅ ስንሄድ መኪና። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስበናል፣ ዋጋው ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል፣ መጥታችሁ እዩት።

ሁሉም በብር መሆን የለበትም። ይህን ስል ዓይኔ ብዙዎቻችሁ ላይ ነው። ሚኒባስ ያለው ወላጅ አንድ ቅዳሜ ልጆቹን አድርሶ ቢመልስ የአንድ ጉዞ ወጪ ቀረልን ማለት ነው። ብየዳ የሚሠራ አባት የተጣመመውን የጎል ብረት ቢያቃናልን፣ ፋርማሲ ያላት እናት ፋሻና ፕላስተር ብትሞላልን፣ ጁስ ቤት ያለው ለጨዋታ ቀን ሙዝና ውሃ ቢችለን፣ ህትመት ቤት ያለው ቁጥሩን ቢያትምልን። ልብስ ሰፊዎችም አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ዩኒፎርሙን የምትሰፉልን እናንተ ናችሁ።

አሁን ስለ አጠያየቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልርዘም።

ልጆቹን አንልክም። ልጅ ወረቀት ይዞ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ልመና ይመስላል፣ ለልጁም አይበጅም፣ ነጋዴውም እምቢ ለማለት እየተቸገረ ይሰጥና ሁለተኛ ሲያየን መንገድ ይቀይራል። የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ባለ ሱቁን የሚያውቅ አንድ ወላጅና አንድ መምህር። ሰኞ አትሂዱ። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፣ ነጋዴው ቀና ብሎ የሚያይበት ፋታ የለውም። ዓርብም ከጁምዓ በፊት አትሂዱ። ጠዋት ሱቁ ተከፍቶ ሥራው ሳይደራ፣ ወይም ወደ ማታ ነው ጥሩው። ባለቤቱን ጠይቁ፣ ሠራተኛውን አታስጨንቁ፣ እሱ መወሰን አይችልም። ሰላምታውን በወጉ አድርሱ፣ ቡና ካቀረቡላችሁ ጠጡ፣ ከዚያ «ለሴቶቹ ቡድን የበረኛ ማሊያ ነው የጎደለን፣ ዋጋው ይኸው፣ ይችሉልናል?» በሉ። እንዲህ በቀጥታ። «የቻላችሁትን» ያልን እንደሆነ ሰው ስንት ማለት እንዳለበት ግራ ይገባዋል፣ አንዳንዱም ትንሽ መስጠት አፍሮ ጭራሽ ይተወዋል።

እምቢ ካለ አመስግናችሁ ውጡ። አትወትውቱ። በዚያ ጦርነት ሱቃቸው ተራቁቶ በብድር እንደገና የጀመሩ ጎረቤቶች አሉን፣ አንዳንዶቹ ዕዳውን ገና አልጨረሱም። ከእነሱ ፊት እያዘነ የሚወጣ ሰው መላክ አልፈልግም። «አብሽሩ፣ ሌላ ጊዜ» በሏቸው፣ ወዳጅነቱ ይቀጥላል።

የሚሰጠን ሰው ምን ያገኛል? ማሊያ የገዛ ስሙ በማሊያው ላይ ይታተማል። ሌላውም ሜዳው ዳር በሚሰቀለው ባነር ላይ ስሙ ይጻፋል። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ስሙን ጠርተው ያመሰግኑታል፣ የሚሰማው ተማሪ ቤት ሄዶ ያወራል፣ ወሬው ለወላጅ ይደርሳል፣ ይህ ለአንድ የሰፈር ሱቅ ቀላል ማስታወቂያ አይደለም። በቴሌግራም ቻናላችን ላይ ፎቶ ይወጣል፣ የልጆቹ ፊት ያለበት ከሆነ ግን አስቀድመን እናንተን እናስፈቅዳለን። ዓመቱ ሲያልቅ የቡድኑን ፎቶ በፍሬም አድርገን ሁለት ተጫዋቾች ይዘውለት ይሄዳሉ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው። በየወሩ ደግሞ እኔ ራሴ ደውዬ ቡድኑ የት እንደደረሰ እነግረዋለሁ። ቢሸነፉም እነግረዋለሁ። አምና ያጎደልኩት እሱን ነውና።

አንድ ወላጅ የቢራ ስም ያለበት ማሊያ በቀላሉ ይገኛል ብሎኝ ነበር። በቅን ልብ ነው ያለው። አልቀበልም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልንሸጥለት የማይፈቀደውን ነገር ስም በ14 ዓመት ልጅ ደረት ላይ አንለጥፍም። ሲጋራ፣ ጫትና የስፖርት ውርርድ ቤትም እንዲሁ። ውርርዱ በተለይ ያስፈራኛል። ልጆቻችን ኳስ ስለሚወዱ ነው የሚያጠምዳቸው፣ የምሳ ብራቸውን ይዘው እዚያ ደጃፍ የሚቆሙ ተማሪዎች በዓይኔ አይቻለሁ። የቱንም ያህል ብር ቢያመጡ አይሆንም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ብር በእጅ አንቀበልም። እኔም አልቀበልም፣ አሠልጣኙም አይቀበልም፣ ወደ ማንም የግል ስልክ በቴሌብር አይላክም። በትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ ይገባል፣ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ነው፣ አንዱ ፈራሚ ከወላጆች ኮሚቴ ነው። ለሰጪው ደረሰኝ እንቆርጣለን። ነጋዴ ግብር ሲያሳውቅ ወጪውን የሚያስረዳበት ወረቀት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ደረሰኙን ሳይጠይቀን ቀድመን እንስጠው። በዓይነት ለሚሰጥም የተረከብንበትን ሞዴል (የመረከቢያ ደረሰኝ) እንሰጣለን። ገቢና ወጪው በየወሩ ከፕሮፎርማው አጠገብ ይለጠፋል።

ትምህርታቸው እንዳይጎዳ የምትሰጉ አላችሁ። ልምምድ ከክፍል በኋላ ነው፣ ከክፍል የቀረ ልጅ በዚያ ሳምንት አይሰለፍም። አሠልጣኙም እኔም በዚህ ላይ አንድ ነን።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ አላቆያችሁም። ስትመጡ ሁለት ነገር ይዛችሁ ኑ፣ በደንብ የምታውቁትን የአንድ ነጋዴ ስም፣ እና ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ እሱ ሊችለው የሚችለውን አንድ ነገር። እዚያው ተነጋግረን ማን ወደ ማን እንደሚሄድ እንከፋፈላለን፣ ሁለት ወላጅ አንዱን ሱቅ እንዳያንኳኳ። የኳሶቹን ባለ ሱቅ ለእኔ ተዉልኝ። ወደ እሱ የምሄደው ለመጠየቅ አይደለም፣ መጀመሪያ ያለፈውን ዓመት ምስጋና ላደርስ ነው፣ የሴቶቹን አምበልም ይዣት እሄዳለሁ።

በሥራ ምክንያት ቅዳሜ የማይመቻችሁ በልጃችሁ ደብተር ላይ የነጋዴውን ስም ጽፋችሁ ላኩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ርዕሰ መምህሩ
ደሴ