ሁለት መኪና ተብለን በአንድ መኪና ስለሄድንበት የበረሃ ጉዞ

ጥር 27 ቀን 2012 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባህር ዳር

ጉዳዩ፡- የዳናክል (አፋር በረሃ) ጉዞ ውል በመጣሱ ገንዘባችን እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጥር 14 ከባህር ዳር ይዛችሁን የተነሳችሁትን አምስት ሰዎች ወክዬ ነው። ታስታውሱናላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ከደብረ ማርቆስ የመጣነው መምህራን ነን። የከፈልነው የዕቁብ ብር ነው። በነፍስ ወከፍ 12,500፣ በድምሩ 62,500 ብር፣ ገና መኪና ላይ ሳንወጣ ተከፍሎ አልቋል። የደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል።

መጀመሪያ ለምን እናንተን እንደመረጥን ልናገር። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራላ፤ ግማሹም የኛው ነው። ሦስት ቦታ ጠይቀን ነበር። የአንደኛው ዋጋ ጣራ ነካ። ሁለተኛው ሰውዬ ዋጋ ሳይነግረን ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጉልበት ሕመም ይጠይቀን ጀመር። ደበረን። እናንተ ቢሮ ግን ቡና ተፈልቶ ጠበቀን፤ ፈንዲሻም ነበር። ግድግዳው ላይ የኤርታሌ ፎቶ ተለጥፏል፤ የሚንተከተክ ቀይ እሳትና ዳሩ ላይ የቆሙ ሰዎች። ከጎኑ በፍሬም የተሰቀለ ፈቃድ አለ። ማን አንብቦት!

አንድ ጥያቄ ግን ጠይቄያለሁ። "ስንት መኪና ነው የሚሄደው?" ብዬ። "ሁለት ላንድክሩዘር፣ ሁሌም ሁለት" አላችሁኝ። ውሉም ሁለተኛው ገጽ ላይ "በሁለት መኪና" ይላል። ይህ ደብዳቤ ባጭሩ ስለዚያ ሁለተኛ መኪና ነው።

ጥር 14 ከንጋቱ 12 ሰዓት የመጣው አንድ ነው። ሁለተኛውስ ስንል "ወልድያ ይጠብቃችኋል" ተባልን። ወልድያ ስንደርስ "ሰመራ ነው ያለው" ሆነ። በጭፍራ፣ በሚሌ አድርገን ሰመራ ስንገባና ደግመን ስንጠይቅ ሹፌሩ ራሱ ሳቀ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ እባካችሁ እንጀራውን አትንኩበት። የእናንተ ሠራተኛ እንዳልሆነ፣ መኪናውም የእናንተ እንዳልሆነ፣ በዋዜማው ማታ በደላላ ተደውሎ እንደተጠራ የነገረን እሱ ነው። እስከ ሎግያ ጭነት ይዞ ብዙ ተመላልሷል። ኤርታሌን ግን እንደኛው በፎቶ ነው የሚያውቀው።

ለምን ከዚያ አልተመለሳችሁም ትሉ ይሆናል። ደውለን ነበር። እርስዎ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አንስተው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "እናንተ ጎጃሞች አባይ በረሃን ስታቋርጡ ትኖሩ የለም እንዴ? በረሃ በረሃ ነው።"

እንግዲህ ስለ በረሃ ትንሽ እናውራ። አባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን አስፋልት ነው። መኪና ቢበላሽብህ ከኋላህ ያለው ሲኖትራክ ሳይወድ በግዱ ይቆማል፤ መንገድ ዘግተህበታላ። ዳናክል ሌላ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ልንሄድበት የነበረው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ 34 ዲግሪ የሚያልፍ ቦታ ነው። እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በጋቢ የምንኖር ሰዎች ነን። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለት መኪና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ይጎትተዋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጥር 16 ከአፍዴራ ተነስተን፣ አስፋልቱን ለቀን ወደ ኤርታሌ ስንታጠፍ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። አሸዋው እንደ ጤፍ ዱቄት ይበናል። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉ፤ የኔታ ነው የምንላቸው። "ልጄ፣ ጎማውን አታስተነፍሰውም?" አሉት። አሸዋ ላይ ነፋስ ሲቀነስለት ጎማው ይንጣለላል፤ መሬቱን በሰፊው ስለሚይዝ ቶሎ አይሰምጥም። ሹፌሩም አያጣውም። መልሱ ግን እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "የኔታ፣ ባስተነፍሰውስ በምን እሞላዋለሁ?"

ኮምፕሬሰር አልሰጣችሁትም። ከአሸዋው ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በላላ ጎማ እዚያ ላይ የወጣ ሰው ጎማው ጎኑን ይቀደዳል። ስለዚህ ልጁ አሸዋው ውስጥ በጠጣር ጎማ ገባ። መቶ ሜትር አልሄድንም። ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ መኪናው በዲፈረንሻሉ ቁጭ አለ።

አካፋ የለም። ገመድ የለም። ክሪክ አለ፤ ከሥሩ የሚደረግ ጣውላ ስላልነበረ ግን እሱም አብሮ ሰመጠ። ውሃውን ስንቆጥር ለሰባት ሰው 11 ሊትር ነው። ስልኮቻችን ኔትወርክ አጥተዋል። ውሉ ላይ "የሳተላይት ስልክ" የሚል አለ፤ ሹፌሩን ብንጠይቀው "እሱ ምንድነው?" አለን።

በምን ቆፈርን? በድስት ክዳን። ለምግብ ማብሰያ ብላችሁ የጫናችሁት ትልቁ ድስት ክዳን ነበረው። የኔታ በዚያ ፀሐይ ተንበርክከው በድስት ክዳን አሸዋ ሲዝቁ፣ እኛ በእጃችን ስንጭር፣ አሸዋው ደግሞ መልሶ ሲሞላ አንድ ሰዓት አለፈ። ያስቅ ነበር። ከዚያ ማሳቁ ቀረ። አንዷ ባልደረባችን ራሷን ሳተች። መኪናው ጥላ ሥር አስተኝተን ፊቷን በእርጥብ ነጠላ ሸፈንናት። ያቺን ሰዓት በብር አንተምናትም፤ ግን እንድታውቋት ብዬ ነው።

ያዳነን ዳጉ ነው። ሰመራ ላይ በራሳችን ገንዘብ የቀጠርነው አፋሩ መንገድ መሪ ብዙ አይናገርም። ዝም ብሎ ሄደ፤ ከሩቅ ግመል የሚነዳ ሰው አግኝቶ ቆሞ አወራ፤ ተመለሰ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ዳጉ የሚሉት ይህንን ነው። ወሬያችን ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ከሌላ ድርጅት መኪኖች ደረሰ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ሁለት ላንድክሩዘር፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ከፊተኛው የወረደው ጎልማሳ ሹፌር ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠን በቁልፍ ጫፍ የጎማችንን ቫልቭ ተጭኖ ያስተነፍስ ጀመር። በልቡ ይቆጥራል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አራቱንም ጨረሰ። ገመድ አሰረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። ከዚያ ከመኪናው ኋላ ትንሽ ኮምፕሬሰር አውጥቶ፣ ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ጎማዎቹን ሞላልን። ብር ብንሰጠው አልወሰደም፤ ከየኔታ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ብቻ ተቀበለ። ሲሄድ "የማን ናችሁ?" አለን። አፈርን፤ አልነገርነውም።

ሌሊቱን ኤርታሌ ወጣን። ጭስ ነው ያየነው። ከጥር 2009 ፍንዳታ ወዲህ የእሳቱ ሐይቅ ወርዷል፤ የእናንተ ፎቶ ከዚያ በፊት የተነሳ መሆን አለበት። ሹፌሩ ሊያጽናናን ፈልጎ "ስሙ ራሱ በአፋርኛ የሚያጨስ ተራራ ማለት ነው አሉ፤ ይኸው አጨሰላችሁ" አለ። እውነቱን ነው። በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩ ላይ አንድ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ጥርሱ ያለቀ ሆኖ ተገኘ። እያነከስን አፍዴራ ደርሰን ጎሚስታ ፈለግን። ከዚያ ወዲያ በአንድ መኪና ወደ ዳሎል አልሄድም አለ ሹፌሩ፤ ልክ ነበር። ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ።

እኛን ያንገበገበን ግን እሳቱ አልነበረም፤ ጨው ነው። የሄድነው ለአሞሌ ነው። ያ አሞሌ ከዳሎል አጠገብ ካለው የአሳሌ ጨው ሜዳ እየተፈለጠ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋ ወጥቶ፣ ጎጃም ድረስ ይመጣ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሶ ገበያ ላይ ከአባይ ማዶ የመጣ ቡናና ወርቅ የሚገዛው በእሱ ነበር። አያቴ ጓዳ አንዲት ስባሪ ነበረች፤ ላሟን የምታስልሳት። ያቺ ስባሪ የተፈለጠችበትን መሬት ለማየት ነው ዕቁቤን ያወጣሁት።

ይህንን ከአፍዴራ ደውዬ ስነግርዎት "አፍዴራም እኮ ጨው አለ፤ ጨው ጨው ነው" አሉኝ። አለ። ከሐይቁ በፓምፕ የተሳበ ውሃ ኩሬ ላይ ሲደርቅ የሚዛቅ ደቃቅ ጨው ነው፤ እሱንማ ደብረ ማርቆስ ሱቅ በፌስታል እንገዛዋለን። በረሃም በረሃ፣ ጨውም ጨው፣ መኪናም መኪና ነው እናንተ ዘንድ።

ጥር 20 ቢሮ ስንመጣ ቡና አልነበረም። ስንጠብቅ ያንን ፍሬም አነበብኩት። "የመኪና ኪራይ አገልግሎት" ይላል። አስጎብኚ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ልጅቱን ብጠይቃት "ያው ነው እኮ" አለችኝ። ሰው መርጠን መስሎን ነበር፤ የከፈልነው ለደላላ ኖሯል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ያልተካሄደው የዳሎልና የአሳሌ ጉዞ ግማሽ ክፍያ፣ 31,250 ብር። በውሉ መሠረት እናንተ መክፈል ሲገባችሁ ሰመራ ላይ ከኪሳችን ያወጣነው የፈቃድና የመንገድ መሪ 4,200 ብር። ለጎሚስታና አፍዴራ ለገዛነው አሮጌ ጎማ 5,800 ብር። በድምሩ 41,250 ብር። የሹፌሩን ቀሪ ሂሳብ ከዚህ ላይ እንዳትቀንሱ፤ እሱ የሚፈልገው ከእናንተ እንጂ ከእኛ አይደለም። ፎቶውንም ወይ አውርዱት፣ ወይ ከሥሩ የተነሳበትን ዓመት ጻፉበት። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘን ውሉን፣ ደረሰኙንና የፍሬሙን ፎቶ ይዘን ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እናመለክታለን።

የድስታችሁ ክዳን እኛ ጋ ነው። በግርግር ከጓዛችን ጋር ተጠቅልሎ መጣ። ዳር ዳሩ ተጣሟል፣ እጀታውም የለም። ገንዘቡን ለመቀበል ስንመጣ እንመልስላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር
አምስቱን ተጓዦች ወክዬ
(ፊርማ)