የዕጽዋት ክበብ ዘገባ፦ ኪያርና የዱር ዘመዶቹ

የዕጽዋት ክበብ ዘገባ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው የተተከለ ችግኝ ብዛት ነው። ዘንድሮ አንድም ችግኝ አልተከልንም። የ2017 የትምህርት ዘመን ሥራችን ሌላ ነበር፦ ክረምት ሲወጣ በአዳማና በዙሪያዋ በየአጥሩ ሥር የሚሳቡትን፣ ኪያር ኪያር የሚሉትን ሐረጎች አንድ በአንድ መለየት።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሳባል፣ አበባው ቢጫ ነው፣ ፍሬው ይዋጋል፤ አለቀ። መስከረም ላይ ልጆቹ ያመጡልኝ ግን ጉድ ነው። እምቧይ መጣ። እምቧይ የቲማቲምና የድንች ወገን ነው፤ አይሳብም፣ የሚጠመጠምበት ክርም የለው። አስተናግርም መጣ፣ ፍሬው እሾህ ስላለው ብቻ። እሱ ደግሞ መርዝ ስለሆነ ሁሉንም እጃቸውን አስታጥቤ መለስኳቸው።

ስለዚህ ሕግ አወጣን፦ ፍሬ መጨረሻ ይታያል። መጀመሪያ መጠምጠሚያው ክር። በኪያር ወገን ክሩ ነጠላ ነው፣ እንደ ዱባ አይከፋፈልም። ቀጥሎ አበባው። ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ግን አንድ ሐረግ ላይ ይገኛሉ። ልጆቹ የወደዱት ሴቴዋን ነው። ከአምስቱ ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ሥር የክብሪት ራስ የምታህል ፍሬ፣ ገና ሳትፀነስ፣ ከነእሾኋ ቁጭ ብላለች። ወንዴው ላይ ይህ የለም። እሱን በምላጭ ሰንጥቀን በማጉያ መነጽር ስናየው ግን ብናኝ ከያዙት ከረጢቶች በላይ ትንሽ ትርፍ ጫፍ ብቅ ብላ ትታያለች። የኪያርን ወገን ከሌላው የዱባ ቤተሰብ ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዷ ይህች ናት።

ይህችን ጫፍ ለማየት የነበረው ግፊያ አይጣል ነው! መነጽሩ አንድ፣ ዓይኑ ብዙ። በኋላ አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ መነጽሩን ከስልኩ ካሜራ ላይ ለጥፎ ፎቶ ማንሳት ጀመረ፤ ተገላገልን።

ስም ለመስጠት የተጠቀምነው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የሚባለውን፣ የሁለቱን አገሮች ዕጽዋት የሚዘረዝረውን ባለ 8 ቅጽ ሥራ ነው። የዱባ ቤተሰብን ክፍል ኮፒ አድርገን፣ ተክሉን ለመለየት የሚያነሳውን እያንዳንዱን ጥያቄ ተራ በተራ እየመለስን ወረድን። አንዱ ቦታ ከሳቱ እንደገና ከላይ መጀመር ነው። ትዕግሥት የሌለው ልጅ እዚህ ጋ ይታወቃል።

በመጨረሻ ሦስት ዓይነቶችን አረጋገጥን፤ የሦስቱም ስም የሚጀምረው «ኩኩሚስ» በሚለው የኪያር ወገን ሳይንሳዊ ስም ነው። አንደኛው ኩኩሚስ ፊሲፎሊየስ ነው። ስሙን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣለት ፈረንሳዊው የዕጽዋት ሊቅ አሽል ሪሻር ነው። ግንዱ በበጋ ቢደርቅም ወፍራም ሥሩ መሬት ውስጥ ይከርምና ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ብዙ ቤት ሥሩን ለሆድ ቁርጠት ያውቁታል። ሁለተኛው ኩኩሚስ ፕሮፌታረም፣ ደረቅ ቦታ የሚወድ፣ ትንሽዬ ፍሬው ላይ ጥቁር አረንጓዴ መስመር ያለው፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆን። ሁለቱንም ሰው «የምድር እምቧይ» ስለሚላቸው፣ እናቶችን መጠየቃችን ስለ መድኃኒቱ ብዙ ቢያስተምረንም ለመለየቱ አልበጀንም። ሦስተኛው ኩኩሚስ ዲፕሳሲየስ ነው። ፍሬው ጥቅጥቅ ባለ ፀጉር የተሸፈነ ስለሆነ እሱን ማንም አይስተውም። እውነቱን ለመናገር የኔ ምርጥ እሱ ነው።

መቅመስ ክልክል ነበር። የዱር ኪያሮችን የሚያመርራቸው ኩኩርቢታሲን የሚባል ነገር ነው፤ በብዛት ከገባ ሆድ ያገላብጣል፣ ከዚያም የባሰ ያመጣል። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ ወዲያው የነቢዩ ኤልሳዕን ታሪክ አነሳ፦ ሳያውቁ ከዱር የለቀሙትን ቅል ቀቅለው «በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብለው የጮኹትን። ብዙዎች ያንን ተክል መራራው የበረሃ ሐብሐብ ነው ይላሉ። እንደው የኔን ማስጠንቀቂያ የረሳ ሁሉ ይህችን አልረሳም።

ቅሬታ የመጣው ስለ ዝምድናው ስንነጋገር ነው። የምንበላው ኪያር ትውልዱ ህንድ ነው፤ የዱር ቅድመ አያቱ ዛሬም እዚያ ይበቅላል። የዘር ባሕርይ የሚሸከመው ክሮሞሶሙ 14 ሲሆን፣ የአፍሪካዎቹ ዘመዶቹ ግን ብዙዎቹ 24 አላቸው። ስለዚህ ከኪያር ጋር ማዳቀል አልተቻለም ማለት ይቻላል። በእስያ የሚገኘው ኩኩሚስ ሂስትሪክስም 24 ነው፤ እሱን ግን የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ ድካም ከኪያር ጋር አዳቅለውታል። «ታዲያ የኛዎቹ ምን ይጠቅማሉ ቲቸር?» አለች አንዷ። ዘመድ ለመባል የግድ መጋባት የለበትም አልኳት። ሳቁ ካለፈ በኋላ ስለ ኪዋኖ ነገርኳቸው። እሱም የአፍሪካ ነው፣ የኪያር ወገን ነው፣ ሥር የሚያሳብጠውን ጥቃቅን ትል ይቋቋማል። አንጉሪያ የሚባለው ደግሞ ከአፍሪካ ተነስቶ ዛሬ ብራዚል ውስጥ ወጥ ይሠራበታል።

ወለጋ ቤተሰብ ያለው ተማሪ አንጮቴም ይግባ ብሎ ተሟገተ። የዱባ ቤተሰብ ስለሆነ ተፈቀደለት፣ የኪያር ወገን ስላልሆነ ግን ሌላ ፎልደር ውስጥ ገባ። እስካሁን አልተዋጠለትም።

ህዳር ሲያልቅ አብዛኛው ሐረግ ደረቀ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ናሙና ማድረቅና መለያ መጻፍ ነበር። አበባ ሳይኖራቸው የተለቀሙት ላይ «አልተለየም» ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዶቹ «ግምታችንን እንጻፍ» ብለው ለምነውኝ ነበር፤ አልፈቀድኩም። ናሙናዎቹ ባዮሎጂ ላብራቶሪ፣ ከመስኮቱ በስተግራ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ማየት የፈለገ መጠየቅ ይችላል።

በሚቀጥለው ዓመት የምንጀምረው ባልተለዩት ነው፤ አበባቸው ሳያልፍ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት እንወጣለን። አዲስ አባል መሆን የምትፈልጉ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ ብቅ በሉ። ለናሙና ማድረቂያ የሚሆን አሮጌ ጋዜጣም ይዛችሁ ኑ፤ ያለን አልቋል።