ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና ውሳኔ በፊት
ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፦

ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና አንዳንዶች የሰነፍ አቋራጭ ሲሉት፣ ሌሎች ፍቱን መድኃኒት ያደርጉታል፤ ሁለቱም አያስኬዱም። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ጥቅሙ ከኪሎ መቀነስ ያልፋል፤ የብዙ ታካሚዎች የደም ስኳር ክብደታቸው ገና በደንብ ሳይወርድ ይሻሻላልና። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ነው። ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ የሚወጣበት ዓይነት ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ለመከላከል የዕድሜ ልክ ክትትል ያስፈልጋል፤ ከቀነሰው ክብደትም የተወሰነው (ይህ በማስታወቂያ ላይ አይነገርም) ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ምን ያህል ኪሎ እንደሚቀንስ ብቻ ሳይሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚከታተለው ጭምር ሐኪሙን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

አንድ አንባቢ