ወታደር ድንበር ከመሻገሩ በፊት ምክር ቤቱ ይምከርበት

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሠራዊት ወደ ውጭ አገር የሚሰማራበትን ሥርዓት በሕግ ስለመወሰን

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

በጅማ ከተማ ሄርማታ የምኖር፣ ሕገ መንግሥቱን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳስተምር የቆየሁ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ሠራዊታችን ከአገር ውጭ መሰማራት የለበትም የሚል እምነት የለኝም። ልጆቻችን ድንበር ተሻግረው ሕይወታቸውን እንዲሰጡ የሚጠየቁበት ውሳኔ ግን ገና ከመነሣታቸው በፊት፣ በእናንተ ፊት፣ ሕዝብ እየሰማ ተመክሮበት መጽደቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁትም ለዚሁ ነው።

አጥር የሚያገናኘን ጎረቤቴ በሐሙስ ገበያ ቡና የሚሸጡ እናት ናቸው። የበኩር ልጃቸው በ1999 ዓ.ም. ከጓዶቹ ጋር ሶማሊያ ገባ። መጀመሪያ ላይ አልፎ አልፎ ይደውል ነበር፤ ኋላ ድምፁ ጠፋ። የጅማ ክረምት ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማም። እርሳቸውም ጥሪው በዝናቡ እንዳይዋጥባቸው ያችን ትንሽ ኖኪያ ከቢፌው ዳንቴል ላይ አንሥተው፣ ስትንቀጠቀጥ እንድትታወቃቸው በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ ቡናውንም የሚቆሉት በቀኝ እጃቸው ብቻ ነበር። ከፈጅር ሶላት በኋላ በር ሲንኳኳ መርዶ የመጣ እየመሰላቸው ለመክፈት እግራቸው ይከዳቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ሄጄ የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጃቸው በ2001 ዓ.ም. በሕይወት ተመለሰ። አብሮት የዘመተው የሠፈራችን ልጅ አልተመለሰም። በእነዚያ ወራት ሁሉ ስለ ልጃቸው ደኅንነት የት ሄደው መጠየቅ እንደሚችሉ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመቻ ምክር ቤቱ ፈጽሞ አልተጠየቀም ማለት ትክክል አይሆንም። ኅዳር 1999 ዓ.ም. ያኔ ሞቃዲሾን ይዞ በነበረው በእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ አስፈላጊውን ርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ለመንግሥት ሥልጣን የሰጠ ውሳኔ አሳልፏል። በቀጣዩ ወር ሠራዊቱ ሞቃዲሾ ሲደርስ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ቆይታው የጥቂት ሳምንታት እንደሚሆን ለዚሁ ምክር ቤት ገለጹ። ሠራዊቱ የወጣው ግን በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። ሳምንታት ሁለት ዓመት ሲሆኑ ጉዳዩ እንደገና ለክርክር እንዲቀርብ የሚያስገድድ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ፣ ቆይታው ቢራዘም እንኳ ለምን እንደተራዘመ ሕዝቡ ያውቅ ነበር። የሞቱትና የቆሰሉት ሙሉ ቁጥርም እስከ ዛሬ በይፋ አልተነገረም።

ይህን ከኮሪያ ዘመቻ ጋር ሳስተያየው ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሲሸኝ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት አልነበረም፤ ውሳኔው የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ንጉሡ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረቡት አቤቱታ ሰሚ አጥቶ ስለነበር፣ የተጠቃን አገር በጋራ መከላከል የሚለውን መርሕ በተግባር ለማሳየት ሲሉ ወታደር ላኩ። ያ ምክንያት በግልጽ ስለተነገረ ዛሬም እንደግፈዋለን ወይም እንነቅፈዋለን። በየተራ የዘመቱት ከ6,000 በላይ መሆናቸውን፣ ከ120 በላይ መሞታቸውን፣ ከ500 በላይ መቁሰላቸውን፣ አንድም ምርኮኛ አለመኖሩን ተማሪዎቼ ይነግሩኛል። ከ70 ዓመት በፊት በሩቅ ምሥራቅ የወደቁትን የሚቆጥር ተማሪ፣ በጎረቤት አገር የወደቁትን የአባቱን እኩዮች ቁጥር ስጠይቀው ዝም ይላል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 የጦርነት አዋጅን የሚያውጀው ይህ ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል። ጦርነት ሳይታወጅ በሰላም ማስከበር፣ በሁለትዮሽ ስምምነት ወይም በፀረ ሽብር ዘመቻ ስም ስለሚሰማራ ኃይል ግን አንቀጹ አያነሣም፤ በዘመናችን ወታደሮቻችን ሲሄዱ ያየነው ደግሞ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ወደሚወዛገቡባት አብዬ የሄዱት በተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ቆብ ነበር። ሶማሊያ ውስጥ ያሉት በ2006 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረትን የሶማሊያ ሰላም አስከባሪ ተልእኮ፣ አሚሶምን፣ ተቀላቀሉ፤ ተልእኮው በ2014 ዓ.ም. አትሚስ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኦሶም ተባለ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ዓላማው፣ ጊዜውና ወጪው በእናንተ ፊት ቢመረመር ምን ይጎድል ነበር?

ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 240 ኃይሏን ከአገር ውጭ ለማሰማራት፣ ለሰላም ማስከበር ቢሆንም፣ የፓርላማ ፈቃድ ያስፈልጋል ብላለች። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2013 እ.ኤ.አ. በሶሪያ ላይ ሊወሰድ የታሰበውን ወታደራዊ ርምጃ በ285 ለ272 ድምፅ ውድቅ ሲያደርግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ውሳኔውን አክብረዋል።

አደባባይ የወጣ ክርክር ለጠላት ምስጢር ያቀብላል፣ የወታደሩንም ወኔ ይሰልባል የሚሉ ሰዎች አሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ ልጁ ግንባር ላይ ያለ ሰው ምስጢር እንዲወጣ አይፈልግም። የጥቃት ዕቅድ፣ የጦር ሠፈርና የመሣሪያ ዓይነት በዝግ ስብሰባ ይታይ። የምንዘምትበት ምክንያት፣ የምንቆይበት ጊዜና ወጪውን የሚሸፍነው ወገን ግን የጦር ምስጢር ሊባሉ አይገባም። ወኔን በተመለከተ፣ ከሶማሊያ የተመለሰው የጎረቤቴ ልጅ ያለኝን ልንገራችሁ፦ «ጋሼ፣ እዚያ ሆነን የሚከብደን አገር ቤት ስለ እኛ የሚያወራ ሰው ያለ አለመምሰሉ ነበር።»

ስለዚህ ማናቸውም የታጠቀ ኃይል ከአገር ውጭ ከመሰማራቱ በፊት የምክር ቤቱን ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ፈቃዱም የጊዜ ገደብ ኖሮት ሲራዘም አዲስ ክርክር እንዲደረግበት የሚያስገድድ ሕግ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ድንገተኛ አደጋ ከመጣ መንግሥት ቀድሞ ተንቀሳቅሶ ወዲያው ለእናንተ ያሳውቅ። የሞቱትና የቆሰሉት ቁጥር፣ ቤተሰብ መርዶውን በክብር ከሰማ በኋላ፣ በየጊዜው ይገለጽ። የዘማች ቤተሰብ ስለ ልጁ ለመጠየቅ ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ እንዳይንከራተት በየዞኑ የሚያነጋግረው ሰው ይመደብለት።

ክርክሩም በቀጥታ ሲተላለፍ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እየተተረጎመ ይሁን። ጎረቤቴ አማርኛ ለገበያ ያህል እንጂ ለሕግ ክርክር አይበቃቸውም፤ ታናሹ ልጃቸው ደግሞ ዘንድሮ ሠራዊቱን ተቀላቅሏል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ዜጋ መምህር
ሄርማታ፣ ጅማ