ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሥራ ችላ አይባል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ብርሃን ከተማ የስፖርት መምህርና የወጣቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ እንደመሆኔ፣ የጉልበታቸው የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ልጆች ከተመለሱ በኋላ እንዴት እንደሚያገግሙ በቅርብ አያለሁ። ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ ያሳከመው ጉልበት፣ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ሳይደረግለት ደካማ ሆኖ ሲቀር እጅግ ያሳዝነኛል።

ቀዶ ሕክምናው የተበጠሰውን ጅማት ይተካል እንጂ ጡንቻ አያበረታም። በእብጠቱና በሕመሙ ምክንያት የጭን የፊት ጡንቻ እንደ ልቡ መኮማተር ስለሚሳነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። ስለዚህ ሐኪሙ እንደፈቀደ እግርን ዘርግቶ ይህንኑ ጡንቻ ማጥበቅና ማላላት፣ ጉልበትን ሳያጥፉ እግርን ማንሳት፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ እየሳቡ ጉልበትን ማጠፍ ይጀመራል። አስታማሚዎች ለታማሚው አዝነው ከጉልበቱ ሥር ትራስ ያደርጋሉ፤ ይህ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ እንዲደርቅና ቀጥ ብሎ መዘርጋት እንዲያቅተው ሊያደርግ ስለሚችል፣ ትራሱ ከተረከዙ ሥር ቢሆን ይሻላል። ጉልበቱን በግድ እንዲያጥፍ ለወጌሻ መስጠትም ፈጽሞ አይገባም።

እብጠቱ ሲቀንስና እግሩ ክብደት መሸከም ሲችል፣ ግድግዳ ተደግፎ በከፊል ቁጭ ብድግ ማለት፣ በእግር ጣቶች መቆም፣ ዝቅተኛ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይከተላሉ። የተበጠሰው ጅማት ምትክ ከታካሚው የጭን የኋላ ጡንቻ ጅማት የተወሰደ ከሆነ ግን ያንን ጡንቻ ቶሎ ማስጨነቅ አይገባም። ጉልበቱ በማግሥቱ ካበጠ ሥራው በዝቷል ማለት ነው። ባት ካበጠና ከታመመ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጥድፊያው ነው። የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተተከለበት ቀን ይልቅ የሚደክምበት ጊዜ አለ፤ ሕመሙ የሚጠፋውም በዚያው ሰሞን በመሆኑ ልጁ ድኛለሁ ብሎ ሜዳ ይገባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 9 ወር ሳይሞላ ወደ ውድድር መመለስ ዳግም የመጎዳት አደጋን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የተጎዳው እግር ጥንካሬም ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ መድረስ እንዳለበት እኛ አሠልጣኞች ልናውቅ ይገባል።

በዞናችን ካሉት ከመሐል ሜዳ ከተማ ወይም ከአንኮበር የመጣ ታካሚ ለፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ ለሚሰጥ ሕክምና) በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ አይችልም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ታካሚውን ሲያሰናብቱ በየደረጃው የሚሠራውን እንቅስቃሴ በአማርኛ ጽፈው እንዲሰጡት፣ የዞናችን ሆስፒታሎችም ይህን የሚከታተል ባለሙያ እንዲመድቡ፣ ጋዜጣችሁም በጤና ዓምዱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ማብራሪያ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የስፖርት መምህር፣ ከደብረ ብርሃን