ለትምህርት ሚኒስትሩ፦ ተለማማጁ ይከፈለው

ክቡር ሚኒስትር፣

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ከሙያ ስልጠና ጋር ስለማጣመር በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ የወርክሾፕና የመሣሪያ እጥረት ነው። እኔ ዕድሜዬን በብየዳ የገፋሁ ሰው ነኝ፤ የምጽፍልዎ ግን ስለ ክፍያ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ለሥራ ላይ ልምምድ ወደ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ተላክኩ። ሦስት ወር ሙሉ ወለል ጠረግኩ፣ ዝገት በብረት ብሩሽ ፈተግኩ፣ ላሜራ ተሸከምኩ። መበየጃ የጨበጥኩት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ያውም አለቃው ምሳ ሲወጣ፣ ተደብቄ። ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣበቀብኝ፤ ለምን እንደተጣበቀ የሚነግረኝ አልነበረም። ልምምዱ ሲያልቅ ግን «በሚገባ ሠልጥኗል» የሚል ቅጽ ላይ ማኅተም ተመታልኝ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ሳንቲም ያላወጣበት ልጅ ቢያውቅ ባያውቅ ምን ይጎድልበታል? ደመወዝ ቢከፍለኝ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ራሱ አጠገቤ ቆሞ ያስበይደኝ ነበር፤ ገንዘቡን ለማካካስ ሲል።

በጀርመን ሰልጣኙ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ድርጅት ውስጥ ይውላል። የሚገባው በጽሑፍ ውል ነው። በአውሮፓውያን 2020 የሰልጣኞች ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ ሲወሰን የመጀመሪያው ዓመት በወር 515 ዩሮ ነበር፤ ሰልጣኙ ዓመት በጨመረ ቁጥር ክፍያውም ይጨምራል። ከሁሉ የምቀናው ግን በፈተናው ነው። የማጠናቀቂያውን ፈተና የሚያካሂደው አሠሪው ሳይሆን የንግድና ኢንዱስትሪ ወይም የእደ ጥበብ ምክር ቤት ነው። የእኔ ዓይነቱ ማኅተም እዚያ ዋጋ የለውም።

ሦስት ሠራተኛ ያለው ወርክሾፕ ከየት አምጥቶ ይከፍላል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ኦስትሪያ ለዚህ ያበጀችው ዘዴ ቀላል ነው፦ ለአሠሪው በመጀመሪያው የስልጠና ዓመት የሦስት ወር፣ በሁለተኛው የሁለት ወር የሰልጣኝ ደመወዝ ያህል ድጎማ ይሰጠዋል። የቀረውን ከኪሱ ስለሚያወጣ ልጁን ዝም ብሎ አያስቀምጠውም።

ወላጆች ደግሞ ሙያ የገባ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ቀረ ብለው ይፈራሉ። በሩ ከተዘጋበት በእርግጥ ቀረ። በስዊዘርላንድ ከግዴታ ትምህርት በኋላ ከሦስት ወጣቶች ሁለቱ ገደማ የሚገቡት ወደ ሙያ ነው፤ ተጨማሪ የሙያ ማትሪክ የወሰደም ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ያልፋል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ክፍያውና የሚማረው ሙያ በዝርዝር ያልሰፈረበት ውል ሳይፈረም አንድም ተማሪ ወደ ድርጅት እንዳይላክ መመሪያ ያውጡልን። ፈታኙም ከውጭ ይምጣ። ረቂቁ ለአስተያየት የቀረበ ዕለት መግቢያውን ዘልዬ በቀጥታ የክፍያውን አንቀጽ ነው የማነበው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ በያጅ