በሰቃ ሃይቅ ላይ አሳ ይርባ ለምትሉ፦ ችግሩ ጨው ብቻ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ «እስራኤሎች ኔጌቭ በረሃ ላይ በጨዋማ ውሃ አሳ ካረቡ እኛ በሰቃን ይዘን ምን እንጠብቃለን» ያለውን ጸሃፊ አነበብኩት፣ ሃሳቡን አልጠላሁትም፣ ከ60 ምናምን አመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሃይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ መተሃራን ሲያስጨንቅ እያየን አንድ ጥቅም ይውጣለት ቢባል ማን ይጠላል። ግን ሰው ይህን አንብቦ ነገ ኩሬ ቆፍሮ የአሳ ጫጩት እንዳይጭን ስለፈራሁ ነው የምጽፈው።

የኔጌቭ ጨውና የኛ ስምጥ ሸለቆ ጨው አንድ አይደለም። ማሻቤ ሳዴ የሚባለው ኪቡጽ ከመሬት ስር የሚያወጣው ውሃ ሞቅ ያለ ነው፣ ጨዉም ከባህር በጣም ያነሰና በአብዛኛው የገበታ ጨው አይነት ነው፣ አሳው ከኖረበት በኋላ ደሞ ወይራ ያጠጡበታል። በሰቃ ግን ሶዳ ነው፣ ፒኤቹ (ውሃው ምን ያህል አሲድ ወይም ሶዳ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ከ9 በላይ፣ በእጃችሁ ስትነኩት እንደ ሳሙና ውሃ ያሙለጨልጫል።

ለቆሮሶ ጫጩት (ቲላፒያ ማለቴ ነው) ጨው ራሱ ያን ያህል ጠላት አይደለም። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ የኛ ቆሮሶ ጫጩት ቀስ በቀስ ከለመደ 10 ግራም ላይ ይበላል ያድጋል። የሚገድለው አሞኒያ ነው። አሳ የሰውነቱን የናይትሮጅን ቆሻሻ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ነው የሚያስወጣው፣ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ፒኤቹ 7 ከሆነ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዝ የሚሆነው 1 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም፣ ፒኤቹ 9 ሲደርስ ግን ከሲሶው በላይ መርዝ ይሆናል፣ ያውም ከሰውነቱ መውጣቱ ራሱ ይከብደዋል። ኬንያ ማጋዲ ሃይቅ ያለችው ትንሽ ቲላፒያ ፒኤች 10 አካባቢ የምትኖረው አሞኒያውን ብዙም ወደማይመርዘው ዩሪያ ቀይራ ስለምታስወጣ ነው፣ ተአምር ናት እኮ፣ የኛ ቆሮሶ እንደሷ አይችልም።

እና ጫጩት በፌስታል ታሽጎ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡ። መንገድ ላይ አሞኒያው ይጠራቀማል፣ ግን የአሳው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርገው ጉዳቱ አይታይም። ኩሬው ዳር ስትደርሱ ሁሉም እንደሚመክረው ፌስታሉን ከፍታችሁ የኩሬውን ውሃ ትንሽ ትንሽ ስትጨምሩበት፣ ውሃው ሶዳ ከሆነ ፒኤቹ ይዘልና ያ የተጠራቀመው አሞኒያ እዛው ፌስታል ውስጥ መርዝ ይሆናል። ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ከሰአት ያለቀ ጫጩት አይቻለሁ፣ «ጨው ገደለው» ተባለና ታለፈ። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ጫጩቱ ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን ሳይበላ ይዋል፣ ሲደርስ መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ታንከር ይረፍና ከዛ የሶዳው ውሃ በቀናት ውስጥ እየተጨመረ ይልመድ። ፊሊፒኖችም ባንጉስ የሚሉትን አሳ ልጅነቱን ለብቻው ትንሽ ኩሬ ውስጥ አሳድገው ነው ወደ ትልቁ የሚያዞሩት።

ሌላው የወላጆቹ ነገር ነው። ቱርካና ሃይቅ ፒኤቹ ከ9 በላይ ሆኖ ቆሮሶ ይኖርበታል፣ ስለዚህ ለበሰቃ ጫጩት ይፈልፈል ከተባለ ሶዳ ከለመዱ እናቶች ቢጀመር ይሻላል፣ ሶዳ ካልሆነ ሃይቅ የመጣውን ወስዶ መዘርገፍ አያዋጣም። ፍሎራይዱም ይለካ፣ በሰቃ ላይ ብዙ ነው፣ አጥንት ውስጥ ነው የሚከማቸው።

ጫጩት የሚያከፋፍሉ አካላት «ይህን ያህል ሺህ ሰጠን» ብለው ሪፖርት ከሚያደርጉ የተቀባዩን ኩሬ ፒኤች አብረው ይጻፉ። የሚለኩትም ጠዋት አይሁን፣ ኩሬው አረንጓዴ ከሆነ ፒኤቹ ጫፍ የሚደርሰው ከሰአት 9 ሰአት አካባቢ አልጌው ፀሐይ ሲያገኝ ነው።

አንድ የኩሬ ባለቤት፣ ከባቱ